ቀጭን መስመር ያላት ኮከብ ቀርፋፋ ናት ያለው ማነው? የአንድ ክር ወግ

ክሩን (በኢንተርኔት ላይ ያለውን የውይይት ሰንሰለት) የከፈተው ልጅ ይጠይቃል ብላችሁ ስትጠብቁ ፍርድ ይሰጣል። ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን ለጥፏል። አንዱ ቪጋ የተባለችው ኮከብ ስፔክትረም (ብርሃኗ በየቀለሙ ተዘርግቶ የሚታይበት ምስል) ነው፣ ሌላው አልታይር የተባለው ኮከብ። የቪጋ ጥቁር መስመሮች ቀጭንና ጥርት ያሉ ናቸው። የአልታይር ግን ሰፍተዋል፣ ደብዝዘዋል፣ አንዳንዶቹም ተጋጥመው የትኛው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚህ ተነስቶ ልጁ ደመደመ፦ አልታይር በኃይል ይሽከረከራል፣ ቪጋ ግን ቀርፋፋ ናት። ቁጥርም አላጣም። ለቪጋ በሰከንድ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአልታይር 240 ገደማ ብሎ ጻፈ። መጨረሻ ላይ የሚቃወም ካለ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ የሚል ፉከራ ጨምሯል።

እንዲህ ላለ ፖስት ሰው አይጠፋም። 34 መልስ መጣለት። እኔ ከዳር ሆኜ አነበብኩት እንጂ አንድ ቃል አልጻፍኩበትም። ግን ስለ ከዋክብት ሽክርክሪት በአማርኛ እንዲህ የደራ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ስድቡ እንዳለ ሆኖ፣ ላወጋችሁ ፈለግሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ 1 የአንዲት ተማሪ ነው። ይቅርታ ጠይቃ ጀመረች። የኮከብ መሽከርከርና የመስመር መስፋት ምን አገናኛቸው ስትል ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ከዚያ በፊት ይህን ያብራራ አልነበረምና።

መልስ 2 ፊዚክስ ለረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ ከሚሉ ሰው መጣ። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ ልበላቸው። ከመሠረቱ ጀመሩ። የኮከብ ብርሃን ሲበተን ቀለማቱ ይዘረጋሉ፣ በመሃላቸውም ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ መስመር በኮከቡ የላይኛው ጋዝ ውስጥ ያለ አቶም የዋጠው ብርሃን ነው። ብረት የራሱ ቦታ አለው፣ ካልሲየም የራሱ፣ ማግኒዚየምም የራሱ። ችግሩ ኮከብ በተራ ቴሌስኮፕ ሲታይ ነጥብ መሆኑ ነው። ቀኝ ጎኑንና ግራ ጎኑን ለይተን አናይም፣ የሁሉም ብርሃን ተደባልቆ ይደርሰናል። ኮከቡ ሲሽከረከር አንዱ ጠርዝ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከዚያ የሚወጣው መስመር ወደ ሰማያዊው ይገፋል። ሌላው ጠርዝ ይርቀናል፤ የሱ መስመር ወደ ቀዩ ይገፋል። መሃል ላይ ያለው በፊታችን ወደ ጎን ስለሚያልፍ መስመሩ ቦታውን አይለቅም። ይህ ሁሉ ሲደመር ቀጭን የነበረው መስመር ይሰፋል። ዶፕለር ማለት ይኸው ነው ብለው በቁጥር አሳዩ። በ448.1 ናኖሜትር ላይ የታወቀ የማግኒዚየም መስመር አለ። ኮከቡ በሰከንድ 240 ኪሎ ሜትር የሚሾር ከሆነ መስመሩ በየጎኑ 0.36 ናኖሜትር ያህል ይዘረጋል። የኛ ፀሐይ ወገቧ ላይ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትሄደው፤ የሷ 0.003 ብቻ ይሆናል።

መልስ 3 ተማሪዋ እንደገና። አመስግና አንድ ነገር አልገባኝም አለች። አንዱ ጠርዝ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቀይ ከሄደ መስመሩ ለምን ለሁለት አይሰነጠቅም? ይህን ጥያቄ ሳነብ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ብዙ ሰው ማብራሪያውን ሰምቶ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው።

መልስ 4 ከአንድ መሐንዲስ ነበር፣ አጭርና ቆንጆ። የኮከቡን ክብ ገጽ ከዛቢያው (ከሚሽከረከርበት መስመር) ጋር ትይዩ በሆኑ ቀጫጭን ሰቆች ቆራርጡት አለ። አንድ ሰቅ ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የሚሄድበት ፍጥነት አንድ ነው። መሃል ያለው ሰቅ ረጅሙ ነው፣ ጠርዝ ላይ ያለው አጭሩ። ስለዚህ ብዙው ብርሃን የሚመጣው ብዙም ካልተገፋው ክፍል ነው፣ በጣም የተገፋው ድርሻው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የኮከብ ጠርዝ ከመሃሉ ይልቅ የደበዘዘ ነው። የመስመሩ ቅርጽ ታዲያ ለስላሳ ጎድጓዳ ይሆናል እንጂ አይሰነጠቅም። በኋላ ልጁን ያፋጠጠው ነገር ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው፤ መስመር ስፋት ብቻ ሳይሆን ቅርጽም አለው።

መልስ 5 ምርቃት ነበር። መልስ 6 ልጁን የሚደግፍ ሆኖ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ሽክርክሪት መስመሩን ሲያሰፋ የተዋጠው ብርሃን መጠን አይጨምርም። ስለዚህ መስመሩ በሰፋ ቁጥር ጥልቀቱ ይቀንሳል። ደካማ መስመሮች ጭራሽ ይሰወራሉ፣ የተቀራረቡትም ይዋሃዳሉ። የአልታይር ምስል የታጠበ የሚመስለው ለዚህ ነው። በፈጣን ኮከብ ውስጥ ብረት ስንት ነው፣ ካልሲየም ስንት ነው ብሎ መለካትም የሚያስቸግረው ለዚሁ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር።

መልስ 7 ልጁን ሊያርም መጣ። ራስህ የለጠፍከውን ምስል እንኳ አላየህም አለው። የቪጋን የሃይድሮጅን መስመሮች ተመልከት፣ ከሁሉም የሰፉ ናቸው። ስለዚህ ቪጋ ፈጣን ናት። መልስ 8 ወዲያው ዘለለበት። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የማይስተው ስህተት ነው አለ፣ ከዚያም የማልደግመው ቃል ጨመረ። ቃሉን ትተን ነገሩን ስናየው ግን እውነቱ ከ8 ጋር ነው። በእንዲህ ያለ ነጭ ኮከብ የሃይድሮጅን መስመር የሚሰፋው በሽክርክሪት አይደለም። ጋዙ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በሃይድሮጅኑ አጠገብ ሲያልፉ የኃይል ደረጃዎቹን ያናውጣሉ፣ በዚህም መስመሩ ግራና ቀኝ ክንፍ ያወጣል። ቪጋ ጭራሽ ባትሽከረከርም የሃይድሮጅን መስመሮቿ ሰፊ ይሆኑ ነበር። ሽክርክሪትን ለመለካት የብረት፣ የማግኒዚየምና የመሳሰሉትን መስመሮች ነው ማየት። የሚገርመው ግን 7 በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ ቦታ መድረሱ ነው። ይህን በኋላ እናየዋለን።

መልስ 9 ጋሼ ለማብረድ ገቡ። ልጆች፣ በዚህ የተጣላችሁ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም አሉ። በ1877 ዊልያም አብኒ የተባለ እንግሊዛዊ የአንዳንድ ከዋክብት መስመር የሰፋው ስለሚሽከረከሩ ሊሆን ይችላል ሲል ጻፈ። ጀርመናዊው ኸርማን ፎግል አልተቀበለውም። ምክንያቱም በአንድ ኮከብ ውስጥ የሃይድሮጅን መስመሮች ሰፍተው ሌሎቹ ቀጭን ሆነው ይታዩ ነበር። ሽክርክሪት ቢሆን ሁሉንም ባሰፋ ነበር ባይ ነው። ተቃውሞው ያኔ ጠንካራ ይመስል ነበር፤ ሃይድሮጅን የራሱ ሌላ ምክንያት እንዳለው ገና አልታወቀም። የአብኒ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ ቆየ። በ1929 ኦቶ ስትሩቭ ከአሜሪካ፣ ግሪጎሪ ሻይን ከክሪሚያ ሆነው ተባብረው በጻፉት ጽሑፍ ነው በሚገባ የተነሳው። ቶሎ ቶሎ የሚዞሩ ጥንድ ከዋክብት መስመራቸው ሰፋ ያለ መሆኑን አሳዩ። በ7 እና በ8 መካከል የተደረገው ጠብ የአብኒና የፎግል ጠብ ነው፣ ልዩነቱ እነዚያ አለመሰዳደባቸው ብቻ። ጋሼ ይህን ያሉት በፈገግታ ይመስለኛል። 8 ግን አልሳቀም፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

መልስ 10 ላይ ክሩ ዞረ። የጻፈችው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም፤ የሙያው ሰው እንደሆነች ግን ያስታውቃል። የእንዝርትን ምሳሌ አመጣች። እንዝርት ሲሾር ከጎኑ ብታዩት አንዱ ጎን ወደ እናንተ ይመጣል፣ ሌላው ይሸሻል። ከአናቱ በላይ ሆናችሁ ወደ ታች ብታዩት ግን ምንም ያህል ቢፈጥን ወደ እናንተ የሚመጣም የሚርቅም ነገር የለም። ኮከብም እንዲሁ ነው። መስመሩ የሚነግረን የኮከቡን ፍጥነት ሳይሆን ፍጥነቱ ዛቢያው ባዘነበለበት ማዕዘን ሳይን ተባዝቶ የሚገኘውን ቁጥር ነው። ስለዚህ 21 ማለት ቢያንስ 21 ማለት ነው። ቪጋ ቀርፋፋ ልትሆን ትችላለች። ዋልታዋን ወደ እኛ ያዞረች በራሪም ልትሆን ትችላለች። ስፋቱ ብቻውን ይህን አይፈታም።

መልስ 11 ክር ከፋቹ ነው፣ ተቆጥቷል። ታዲያ ይህ እንዳሻችሁ የምትስቡት ላስቲክ ነው አለ (ላስቲኩ የሱ ነው)። ቀጭን መስመር ያለውን ሁሉ ዋልታውን አዙሮብን ነው እያልን ማምለጥ እንችላለን ማለት ነው? ንዴቱን ትቼ ሙግቱን ወደድኩለት። መልስ 12 ያለ ስሜት ቁጥር ቁጭ አደረገ። ዛቢያዎች በዘፈቀደ ቢያጋድሉ አንድ ኮከብ ዋልታውን ከ6 ዲግሪ ባነሰ ወደ እኛ የማዞር ዕድሉ ከ180 አንድ ገደማ ነው። እንደ ቪጋ ጎልታ የምትታይ ኮከብ ላይ ይህ ዕጣ መውደቁ ይገርማል፣ ግን የማይሆን አይደለም። ደግሞ ማዕዘኑ 5 ዲግሪ ቢሆን 21ን ለ0.087 ስናካፍል 241 ይመጣል። ከአልታይር ጋር እኩል ማለት ነው።

መልስ 13፣ ያችው ባለ እንዝርት። ክሩን ከዚህ በላይ የሚያስነብብ ነገር የለም፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገረው። በ1994 በካናዳ ቪክቶሪያ ያለውን ቴሌስኮፕ የተጠቀሙ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ጉሊቨር፣ ሂልና አደልማን፣ የቪጋን ደካማ መስመሮች በከፍተኛ ጥራት አዩ። ጠንካሮቹ መስመሮች ተራ ጎድጓዳ ናቸው። ደካሞቹ ግን ወለላቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። ለቀርፋፋ ኮከብ ይህ ቅርጽ አይጠበቅም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጣም የሚሽከረከር ኮከብ ወገቡ ላይ ይለጠጣል። የወገቡ ገጽ ከመሃል ስለሚርቅና ሽክርክሪቱም ስለሚያቀለው ስበቱ ይላላል። ስበቱ በላላበት ቦታ ገጹ ይቀዘቅዛል፣ ይደበዝዛል። ይህን ስዊድናዊው ፎን ዛይፐል በ1924 በሒሳብ አሳይቶት ነበር። አሁን ዋልታውን ወደ እኛ ያዞረውን ኮከብ እናስብ። የክቡ መሃል ላይ ያለው ትኩሱ ዋልታ ነው። ዙሪያውን ጠርዝ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለው ወገብ ነው። አንዳንድ ደካማ መስመሮች፣ ለምሳሌ ኤሌክትሮን ያላጣ ብረት የሚያወጣቸው፣ በትኩስ ቦታ ይጠፋሉ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይጎላሉ። ስለዚህ ከጠርዙ አካባቢ በብዛት ይመጣሉ። ጠርዙ ደግሞ፣ ትንሽም ብትሆን ዝንባሌ ስላለች፣ አንዱ ወገን ወደ እኛ ሌላው ከእኛ ይሄዳል። የመስመሩ ሁለት ጎኖች ይሞላሉ፣ መሃሉ ድርሻውን ያጣል፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። መልስ 4 ላይ መሐንዲሱ ብዙው ከመሃል ሰቅ ይመጣል ያለው እዚህ ይገለበጣል። እሷም ይህን አስታውሳ 4ን አመሰገነች።

መልስ 14 ከፋቹ። አንድ ጠፍጣፋ ወለል አይቶ ኮከብን ያህል ነገር ማዘንበል አይከብድም ወይ? ንድፈ ሐሳብ በንድፈ ሐሳብ ላይ መከመር ነው አለ። የድምፁ አወጣጥ ከፋ፤ ለሴትየዋ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር በአድሚን ተሰርዟል። መልስ 15 መልሱን ያመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። በ2006 በርቀት የተተከሉ ቴሌስኮፖችን ብርሃን አጣምረው አንድ የሚያደርጉ መሣሪያዎች ቪጋን በቀጥታ ለኩ። ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ያለው ቻራ አንዱ ነው። መሃሏ ደምቆ ጠርዟ ከሚጠበቀው በላይ የደበዘዘ ሆኖ ተገኘ፤ ወገቧ ከዋልታዋ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። የኋላ ልኬቶች በቁጥሩ ላይ ተከራክረዋል፣ ዋልታዋን ወደ እኛ ያዞረች ፈጣን ኮከብ መሆኗ ላይ ግን ተስማምተዋል። መስመር ሳይነካ የተገኘ ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ልጁ ዝም አለ፣ ቢያንስ ለጊዜው።

መልስ 16 አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። የከዋክብት ድምቀት ሲለካ ዜሮ ነጥብ ተደርጋ ለዘመናት ያገለገለችው ቪጋ ናት። መለኪያ ያደረግናት ኮከብ እራሷ አንድ ወጥ ሙቀት የላትም ማለት ነው። ይህ ለብቻው ክር ይገባው ነበር፣ ማንም አላነሳውም።

ከ17 እስከ 22 ያለው ወሬ ነው። ግን ደስ የሚል ወሬ። 17 ከአዲስ አበባ ነበር። አልታይርን ለማየት አንገት ማቅናት ነው የሚያስፈልገው አለ፤ በመስቀል ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ደመና ከሌለ በአናታችን ላይ ያልፋል። እውነቱን ነው፣ የኮከቡ የሰማይ ኬክሮስ ወደ 9 ዲግሪ ነው፣ የአዲስ አበባም እንደዚያው። 18 ከዋሽንግተን መለሰ። እኛም ቪጋ አለችን፣ በነሐሴ መጀመሪያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በአናታችን ላይ ናት አለ። ይህም ልክ ነው፣ ሁለቱም 39 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። አንድ ሰው የላሊበላን ስም አነሳ፤ ሬጉለስ በመጋቢት ምሽት ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል አለ። ሬጉለስ 12 ዲግሪ ላይ ነው፣ ላሊበላም 12። እሱም ከፈጣኖቹ አንዱ ነው። ይህን አጋጣሚ በራሴ አላስተዋልኩትም ነበር።

ከዚያ 20 ካሲዮፒያ የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ጎትቶ አመጣ። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፣ ባሏም ኬፌዎስ ንጉሥ ነው፣ ስለዚህ እነዚያ ከዋክብት የኛ ናቸው። 21 ተናደደ፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ ያሉት ከግብፅ በታች ያለውን አገር ሁሉ ነው፣ ካርታ አንሥተህ ሰማይ አትቁረስ አለው። ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሊያመራ ሲል 22 አዳነን። ንግሥቲቱም ንጉሡም የኛ ይሁኑ አይሁኑ፣ ሁለቱም ውስጥ ፈጣን ኮከብ አለ አለ። በኬፌዎስ ዋነኛው ኮከብ አልደራሚን በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሽከረከራል። በካሲዮፒያ መሃል ያለችው ጋማ ደግሞ ራሷን የቻለች ጉድ ናት።

በዚህ ድልድይ ወደ ጉዳያችን ተመለስን። መልስ 23 የተለጠጡትን ዘረዘረ። በደቡብ ሰማይ የምትታየው አከርናር በ2003 ከቺሊ ስትለካ ወገቧ ከዋልታ ርቀቷ በ50 በመቶ የሚበልጥ መሰለ፣ በኋላ ቁጥሩ ዝቅ ተደረገ። ሬጉለስ በ2005። አልታይር በ2007፤ እሱ ከፀሐይ ቀጥሎ ገጹ በምስል የተነሳ የመጀመሪያው መደበኛ ኮከብ ሆነ፣ ወገቡም ጠቆር ብሎ ታየ። አንድ ዙር የሚጨርሰው ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ፀሐያችን ወገቧ ላይ 25 ቀን ገደማ ይፈጅባታል።

መልስ 24 ተማሪዋ ተመለሰች። ይህን ያህል ከፈጠኑ ለምን አይበተኑም? መልስ 25 ባለ እንዝርቷ፦ አንዳንዶቹ በከፊል ይበተናሉ። ጋማ ካሲዮፒያ ላይ ጣሊያናዊው አባ ሴኪ በ1866 ጥቁር መሆን የሚገባው የሃይድሮጅን መስመር ደምቆ ሲያበራ አየ። በ1931 ስትሩቭ ምክንያቱን ከሽክርክሪት ጋር አያያዘው፤ ኮከቡ ወገቡ ላይ ስበቱን ሊያሸንፍ ሲቃረብ ጋዝ ያመልጣል፣ ዙሪያውን የጋዝ ዲስክ ይሠራል። ዲስኩን በጎን ስናየው የሚያበራው መስመር ሁለት ጫፍ ያወጣል፣ አንዱ ከሚመጣው ወገን አንዱ ከሚሄደው። ተማሪዋ በመልስ 3 የጠየቀችው ስንጥቅ ይኸው እዚህ ተገኘ። ዲስክ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ነው፣ ኮከብ ግን ሙሉ ክብ ነው።

26 ስለ ፀሐይ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ከፀሐይ ጋር የሚመሳሰሉ ቀዝቀዝ ያሉ ከዋክብት ከገጻቸው ሥር የሚንተከተክ ወፍራም የጋዝ ንብርብር አላቸው። ይህ መግነጢሳዊ መስክ ያመነጫል። መስኩ የሚወጣውን የፀሐይ ንፋስ ይዞ እየጎተተ ኮከቡን በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ያዘገየዋል። ትኩሶቹ ይህ ፍሬን የላቸውም። በመካከላቸው ያለውን ድንበር ሮበርት ክራፍት በ1967 ስላሳየ በስሙ ይጠራል።

27 ላይ 8 ተመልሶ መጣ፣ ለዝቦ። በአይን ስፋት መገመት ትታችሁ መስመሩን በፎሪየር (አንድን ቅርጽ ወደ ሞገዶች በሚበትን የሒሳብ ዘዴ) ዘርዝሩት አለ። ሽክርክሪት በዚያ በኩል ሲታይ ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች ይፈጥራል፤ የመጀመሪያው ዜሮ የት እንደወደቀ ካወቅን ቁጥሩን እናነባለን። የጋዙ ሁከት እንዲህ ያለ ዜሮ ስለማይፈጥር ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ካሮል በ1933 ያመጣው ዘዴ ነው። 28 የሰው ቋንቋ ተናገር አለው። ጥፋቱ የ28 ነው ባይ ነኝ፤ 8 ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋ ሆኖ ሲጽፍ ነበር የተገላመጠው።

29 ፕላኔት አመጣ። ኮከብ ፊት ፕላኔት ሲያልፍ ከሰቆቹ አንዱን ይከልላል፣ በሰፊው መስመር ውስጥ ትንሽ እብጠት ትታያለች። ፕላኔቱ ሲንቀሳቀስ እብጠቷም ትሄዳለች። ሥሩ ከ1924 ነው፤ ሮሲተርና ማክላፍሊን ሚቺጋን ላይ በጥንድ ከዋክብት ግርዶሽ ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። በ2010 ዋስፕ-33 በተባለ ፈጣን ኮከብ ላይ እብጠቷ ከሚጠበቀው በተቃራኒ ስትሄድ ተገኘች። ፕላኔቱ የሚዞረው ከኮከቡ ሽክርክሪት በተቃራኒ ነው ማለት ነው። የመስመር መስፋት ብዙ ጊዜ ለፕላኔት ፈላጊዎች እንቅፋት ነው፤ እዚህ ግን ሰፊ ሸራ ሆናቸው።

መልስ 30 ክር ከፋቹ። የቪጋን ነገር ተቀብያለሁ አለ፣ ሴትየዋን ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ያን ባያልፈው ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ከሁሉም የላቀ ጥያቄ ጠየቀ። ሲሪየስ መስመሩ ከቪጋም ይቀጥናል፣ በሰከንድ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱስ ዋልታውን አዙሮብን እንዳልሆነ በምን አወቃችሁ?

31 ጓደኛው አዘግይቶታል ብሎ ገመተ፤ ሲሪየስ አብራው የምትዞር ነጭ ድንክ (ነዳጇን የጨረሰች፣ የታመቀች ትንሽ ኮከብ) አለችና። 32 ወዲያው አረመው። የቅርብ ጥንዶች በስበት ተጓትተው ይዘገያሉ፣ ትክክል ነው። የሲሪየስ ጓደኛ ግን አንድ ዙር ለመጨረስ 50 ዓመት ይፈጅባታል፣ እንዲህ ርቃ አትጎትተውም።

33 ባለ እንዝርቷ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ሲሪየስ ገጹ ላይ ብረትና መሰሎቹ ከፀሐይ ይልቅ በዝተው ይታያሉ። ይህ የሚሆነው የላይኛው ጋዝ ረግቶ አንዳንድ አቶሞች በብርሃን ግፊት ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሲንሳፈፉ፣ ሌሎች ሲሰምጡ ነው። ኃይለኛ ሽክርክሪት ጋዙን ያማስለዋል፣ ይህን መለየት ያበላሸዋል። እንዲህ ያለ ኬሚካላዊ ገጽ የሚገኘው በቀርፋፎቹ ላይ ነው። ቪጋ በተቃራኒው የብረት ድሃ ናት። ስለዚህ ማዕዘኑን በቀጥታ ባንለካም ሲሪየስ ቀርፋፋ ነው ለማለት በቂ ምክንያት አለን፣ ምክንያቱም ከስፋት የመጣ አይደለም አለች። በኔ ግምት ይህ መልስ ለልጁ ከጠየቀው በላይ ነው። መልሶ አልጻፈም።

34 ያገለገለ ቴሌስኮፕ የሚሸጥ ሰው ነው፣ እግሩ ትንሽ ይወዛወዛል ይላል። አድሚኑ ክሩን የዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።